የስዋርም ዳታ፦ የቅርፊት ካርታዬ ላይ ሰንበር ብቻ ለምን ይወጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአፍሪካ ቀንድን የቅርፊት (የምድር የላይኛው የዐለት ሽፋን) መግነጢሳዊ መስክ ካርታ የምድርን መግነጢስ ከሚለኩት ከስዋርም ሳተላይቶች ዳታ እየሠራሁ ነው። የሁለቱን ሳተላይቶች፣ የአልፋንና የቻርሊን፣ የ1 ኸርዝ (በሰከንድ አንድ ንባብ) ዳታ አውርጄ ካኦስ የተባለውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ሞዴል ቀነስኩ። የተረፈው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ሰንበር ነው፤ ከ5 እስከ 10 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ይደርሳል። አፋርም ስምጥ ሸለቆውም አይታዩም። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

1ኛ መልስ፦
መጀመሪያ ከሞዴሉ የቱን ክፍል ነው የቀነስከው? ካኦስ ውስጥ የቅርፊቱ መስክም አብሮ አለ። ሙሉውን ከቀነስክ የምትፈልገውን ራሱን ነው የጣልከው። የኮሩን (የምድር እምብርት) ክፍል እስከ ዲግሪ 15 ድረስ (ዲግሪው ሲጨምር የመስኩ ሞገድ ያጥራል)፣ ከዚያ የማግኔቶስፌሩን (ምድርን በሩቅ ከከበበው መግነጢሳዊ ክልል የሚመጣውን) ክፍል ብቻ ቀንስ። ከ2,500 ኪ.ሜ. ገደማ የሚረዝመውን ሞገድ የኮሩ መስክ ስለሚውጠው እሱን እርሳው።

ሰንበሩ ግን በዚህ ብቻ አይጠፋም። ጎን ለጎን ያሉት ምሕዋሮች የተበረሩት በተለያየ ቀን ነው፤ የቀለበት ጅረቱ (ምድርን በሕዋ የሚዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት) ከቀን ቀን ጥቂት ናኖቴስላ ከተለዋወጠ፣ በሳተላይቶቹ ከፍታ የቅርፊቱ ምልክትም ያንኑ ያህል ስለሆነ ይሸፈናል። ኬፒ (የመግነጢሳዊ ረብሻ መጠን ማመልከቻ) ከ2 የማይበልጥበትን፣ ዲኤስቲ (የቀለበት ጅረቱ ጥንካሬ ማመልከቻ) በሰዓት ከ2 ናኖቴስላ በላይ የማይቀየርበትን፣ ፀሐይም ከአድማስ ቢያንስ 10 ዲግሪ በታች የሆነችበትን ዳታ ብቻ አስቀር።

2ኛ መልስ፦
በዚህ ላይ የንባቦችን ልዩነት ጨምርበት። አልፋና ቻርሊ በኬንትሮስ 1.4 ዲግሪ ተራርቀው ጎን ለጎን ስለሚበሩ፣ የሁለቱን ንባብ ስትቀናንስ የጋራው የውጭ መስክ አብዛኛው ይጠፋል። ስታዛምዳቸው ግን በሰከንድ ሳይሆን በኬክሮስ ይሁን፤ አንዱ ከሌላው በጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። ለሰሜን–ደቡቡ ልዩነት የአንዱን ሳተላይት ንባብ ራሱ ከ15 ሰከንድ በኋላ ካነበበው ቀንስ፤ በዚያ ጊዜ 115 ኪ.ሜ. ያህል ይበራል። የቻርሊ ስካላር ማግኔቶሜትር (የመስኩን ጥንካሬ ብቻ የሚለካው) ከኅዳር 2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስለማይሠራ የቬክተሩን (አቅጣጫውንም የሚለካውን) ውሰድ።

ሰንበሩን ለማጥፋት በየምሕዋሩ ፖሊኖሚያል (ለስላሳ ኩርባ) አስገብቶ መቀነስ ቀላል ይመስላል፤ እኔ አልመክርም። ሰሜን–ደቡብ የተዘረጋ እውነተኛ ምልክትንም አብሮ ይጠርጋል።

3ኛ መልስ፦
አካባቢው ራሱ አስቸጋሪ ነው። መግነጢሳዊው ወገብ (የመስኩ ዝንባሌ ዜሮ የሚሆንበት መስመር) በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ቀን ቀን የወገቡ ኤሌክትሮጄት (በላይኛው አየር የሚፈስ ጠንካራ ጅረት) አለ፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም የአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው አየር) የፕላዝማ አረፋዎች፣ ማለትም ክፍያ ያላቸው ቅንጣቶች የሳሱባቸው ቦታዎች፣ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ይረብሻሉ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ብቻ ተጠቀም። ወደ ዋልታ የማዛወር ስሌት (ካርታውን በመግነጢሳዊ ዋልታ ላይ የተለካ የሚያስመስለው) ካስገባህም አውጣው፤ የመስኩ ዝንባሌ ዜሮ አጠገብ ሲሆን ስሌቱ ራሱ ሰሜን–ደቡብ ሰንበር ይፈጥራል። እዚህ አካባቢ መግነጢሳዊ ዐለት በጠቅላላ መስክ (የመስኩ ጥንካሬ) ካርታ ላይ ዝቅታ ሆኖ ነው የሚታየው፤ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ያለው የባንጊ ዝቅታ ምሳሌ ነው።

ስምጥ ሸለቆውን ደግሞ ከስዋርም ብቻ አትጠብቅ። ዋናው ቦይ 80 ኪ.ሜ. ገደማ ስፋት ነው ያለው። የዲግሪ 100 (400 ኪ.ሜ.) ሞገድ እንኳ 450 ኪ.ሜ. ላይ ሲደርስ አንድ ሺህኛው ብቻ ነው የሚቀረው፤ 300 ኪ.ሜ. ላይ ግን መቶኛው ገደማ። ስለዚህ ቻምፕ የተባለው የቀድሞ ሳተላይት ዝቅ ብሎ የበረረበትን የ2009 እና የ2010 ዳታ ጨምር፤ ፀሐይም ጸጥ ያለችበት ጊዜ ነበር። አፋር ላይ ማግኔታይት (መግነጢሳዊው የብረት ማዕድን) መግነጢሱን የሚያጣበት የ580 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለምድር ገጽ ቅርብ ስለሆነ፣ ንጹሕ ካርታም ላይ ደካማ ቢሆን አይግረምህ። ለቦዩ የአውሮፕላን ቅኝት ያስፈልግሃል።