የሎክሂድ ማርቲን የ2024 ዓመታዊ ውጤት፦ ሽያጩ አድጎ ትርፉ ለምን ወረደ? የትዕዛዙ ክምችትስ ዕድገት ነው ወይ?

ጥያቄ | አክሲዮን ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካውን የጦር መሣሪያ አምራች የሎክሂድ ማርቲንን የ2024 ሪፖርት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እያነበብኩ ነው፤ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አልገጥም አሉኝ። ሽያጩ ከ67.6 ቢሊዮን ዶላር ወደ 71.0 ቢሊዮን አድጓል። ውል ተፈርሞበት ገና ያልተሠራው ሥራ፣ ባክሎግ የሚሉት፣ ከ160.6 ወደ 176.0 ቢሊዮን ከፍ ብሏል። የተጣራው ትርፍ ግን ከ6.9 ወደ 5.3 ቢሊዮን ወረደ፤ ውጤቱ በወጣበት ቀን፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2025፣ አክሲዮኑ 9 በመቶ ገደማ ወደቀ። ትርፉ የት ገባ? 176 ቢሊዮን የሚያህል ትዕዛዝ ያለው ኩባንያ የሚቀጥሉት ዓመታት ዕድገቱ ተረጋግጧል ማለት ይቻላል?

መልስ 1 | መዝገብ ቤት

የትርፉ መልስ ያለው ምሥጢራዊ ፕሮግራሞቹ (ዝርዝራቸው በይፋ የማይነገር የመንግሥት ሥራዎች) ላይ ነው። በ2024 በእነዚህ ውሎች 2.0 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ተመዝግቧል፤ 1.7 ቢሊዮኑ የመጣው በመጨረሻው ሩብ ዓመት ብቻ ነው። የዚያ ሩብ ዓመት የተጣራ ትርፍ 527 ሚሊዮን ላይ የቀረው ለዚህ ነው። የሚሳይል ክፍሉን ለብቻው ብታየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልሃል፦ ሽያጩ በ13 በመቶ አድጎ 12.7 ቢሊዮን ሲደርስ፣ የሥራ ትርፉ ከ1.5 ቢሊዮን ወደ 413 ሚሊዮን ወረደ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኪሳራው አመዘጋገብ ላይ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ሽያጭ የሚመዘግቡት ዕቃው ሲረከብ ሳይሆን ወጪው ሲወጣ ነው፤ እስካሁን የወጣው ወጪ ለጠቅላላው ግምት ተካፍሎ የሥራው ድርሻ ይገኛል። በምሳሌ ልሥራው (ቁጥሩ ለማሳያ ያህል ነው)፦

የውሉ ዋጋ 1,000 ሚሊዮን፣ የተገመተው ወጪ 900። እስካሁን 450 ወጥቷል፤ ስለዚህ ሥራው 50 በመቶ ተጠናቋል፣ ሽያጭ 500፣ ትርፍ 50 ተመዝግቧል። አሁን መሐንዲሶቹ ጠቅላላ ወጪው 1,150 እንደሚደርስ አወቁ። የተጠናቀቀው ድርሻ ወደ 39.1 በመቶ ይወርዳል፤ ከተመዘገበው ሽያጭ 109 ሚሊዮን ይሰረዛል። የቀድሞው 50 ትርፍ ይጠፋል፣ በላዩም የውሉ 150 ኪሳራ *በሙሉ* በዚያው ሩብ ዓመት ይገባል። በአንድ ሪፖርት 200 ሚሊዮን ተመታ ማለት ነው። ትርፍ ቀስ በቀስ ነው የሚመዘገበው፣ ኪሳራ ግን በታወቀበት ቀን ሙሉውን።

ይህ የሚመጣው ቋሚ ዋጋ ባለው ውል ነው። ወጪው ተመላሽ በሆነ ውል ጭማሪውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ኩባንያው የሚያጣው ቢበዛ ከክፍያው ነው። ንድፉ ገና ያላለቀ ነገር በቋሚ ዋጋ መፈረም ግን ከባድ አደጋ ነው። የቦይንግ ኬሲ-46፣ ሌሎች አውሮፕላኖችን በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞላው አውሮፕላን፣ በዚህ መንገድ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዝግቧል። እንዲህ ዓይነት ውል ዝቅ ባለ ዋጋ የሚፈረመው ትርፉን ከኋላ ከሚመጣው ምርት ለማግኘት ታስቦ ነው፤ ምርቱ ደግሞ ከዘገየ ወይም ከተቀነሰ ኪሳራው ብቻ ይቀራል።

መልስ 2 | ፎርት ወርዝ

ወንድሜ፣ ባክሎጉን በሁለት ቀላል ስሌት ፈትሸው። መጀመሪያ የዓመቱን አዲስ ትዕዛዝ አውጣ፦ 176.0 ሲቀነስ 160.6፣ ሲደመር 71.0፣ 86.4 ቢሊዮን ይሆናል። ለሽያጩ ስታካፍለው 1.22። ከ1 በላይ ስለሆነ ኩባንያው ከሠራው በላይ ታዟል። ሁለተኛ፣ 176.0 ለ71.0 ሲካፈል 2.5 ዓመት ያህል ሥራ ተይዟል። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ነገር ግን ትዕዛዝ መኖሩና ዕቃው መውጣቱ የተለያዩ ናቸው። ኤፍ-35ን ተመልከት፤ ከኩባንያው ሽያጭ ሩብ ያህሉን ብቻውን የሚይዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ቲአር-3 የተባለው ማሻሻያ (አዲስ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰፊ የአብራሪ ማሳያና ብዙ ሶፍትዌር) ባለመጠናቀቁ መንግሥት ከጁላይ 2023 እስከ ጁላይ 2024 አዲሶቹን አውሮፕላኖች አልረከበም። ፋብሪካው ግን አላቆመም፤ ወጪ ስለሚወጣ ሽያጭ ይመዘገብ ነበር፣ አውሮፕላኖቹ ግን ቆመው ይጠብቁ ነበር። በ2024 የተረከቡት 110 ናቸው፤ በዓመት የታሰበው ምርት 156 ነበር። ርክክቡ ከተጀመረ በኋላም የውጊያ ብቃቱ እስኪሟላ ከእያንዳንዱ አውሮፕላን 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተይዞ ቆይቷል። ይህ ጉዳይ በትርፉ ላይ ብዙም አይታይም፤ የገንዘብ ፍሰት ላይ ነው የሚታየው።

ሚሳይሉ ጋ ማነቆው ሌላ ነው። ፓክ-3 ኤምኤስኢ የተባለው የፓትሪዮት መከላከያ ሚሳይል በ2024 500 ተመርቷል። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለ870 ሚሳይሎች የ4.5 ቢሊዮን ዶላር የብዙ ዓመት ውል ተፈርሟል። ፈላጊ አልጠፋም፣ ዩክሬንም ሆነ የገልፍ አገሮች ይፈልጉታል። ግን የዒላማ ፈላጊውን ራስ የሚሠራው ቦይንግ ነው፣ ሃንትስቪል፣ አላባማ። የጠጣር ነዳጅ ሞተሩ የሚመጣው ከኤሮጄት ሮኬትዳይን ነው። ሎክሂድ ይህን ኩባንያ በ4.4 ቢሊዮን ሊገዛው ሞክሮ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪው ስለከሰሰው በፌብሩዋሪ 2022 ተወው፤ በ2023 ኤልስሪሃሪስ ወሰደው። ከዚያም ወደ ታች ውረድ፦ ለጠጣር ነዳጅ የግድ የሚያስፈልገውን አሞኒየም ፐርክሎሬት አሜሪካ ውስጥ ሲያመርት የቆየው ዋና ፋብሪካ አንድ ነው፣ ዩታ ውስጥ። የመጨረሻውን መገጣጠሚያ በእጥፍ ብታሰፋው ሞተሩ ካልመጣ ሚሳይል አይወጣም። የሚሳይል ኩባንያ የዕድገት ትንበያ ስታነብ ስለ ሞተርና ስለ ፈላጊ ራስ አቅራቢዎች የተባለውን ከሽያጩ ቁጥር በፊት ፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ባክሎግ ውስጥ ኮንግረስ ገንዘብ ያልመደበለት ክፍልም አለ። በጀቱ ሳይጸድቅ ሲቀር ያ ክፍል ይዘገያል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። የጠፈሩ ክፍልስ? 12.5 ቢሊዮን ሽያጭ ይዞ ምንም አላደገም፤ ሁሉም ሰው ግን የወደፊቱ ዕድገት ከጠፈር ነው ይላል።

መልስ 3 | ምሕዋር

የጠፈር ክፍሉ በ2023 12.6 ቢሊዮን ነበር፤ አዎ፣ ባለበት ቆሟል። ግን ውስጡ እየተቀየረ ነው። አንደኛው ወገን ለረጅም ዓመታት የሚሄዱ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፦ የትራይደንት ሚሳይል፣ የናሳ ኦራየን መንኮራኩር፣ የጂፒኤስ ሳተላይቶች፣ በአፕሪል 2024 የተመረጠበት አዲሱ የባሊስቲክ ሚሳይል ማምከኛ። ሌላው ወገን ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ በብዛት የሚበተኑ ትንንሽ ሳተላይቶች ናቸው። ለአሜሪካ ጦር የጠፈር ልማት ኤጀንሲ 42 ሳተላይት በአንድ ዙር፣ 36 በሌላ፣ እያለ ወስዷል።

የሁለተኛው ወገን ጠባይ ከአንደኛው ይለያል። ዋጋው ቋሚ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ተፎካካሪው ብዙ ነው። የሌዘር መገናኛ መሣሪያ ወይም የምሥጢር ኮድ መሣሪያ ሲዘገይ ዙሩ ሁሉ ይጓተታል። ለሎክሂድ የሳተላይቱን አካል የሚያቀርበው ቴራን ኦርቢታል ደግሞ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ኦክቶበር 2024 ላይ ሎክሂድ በ450 ሚሊዮን ገደማ ገዛው። እኔ ይህን እንደ ዕድገት ግዢ አላየውም፤ አቅራቢው ቢወድቅ ውሎቹ አብረው እንዳይወድቁ የተደረገ ጥበቃ ነው፣ ትክክለኛም ውሳኔ ነው።

የክፍሉን የሥራ ትርፍ ስታነብ ዩናይትድ ላውንች አላያንስን ለይተህ አስብ። ሎክሂድና ቦይንግ እኩል በእኩል የያዙት የሮኬት ኩባንያ ነው። የእሱ ሽያጭ ሎክሂድ ሽያጭ ውስጥ አይገባም፣ የትርፍ ድርሻው ግን የጠፈር ክፍሉ ትርፍ ውስጥ ይደመራል። ስለዚህ የእሱ ቩልካን ሮኬት ሲዘገይ ክፍሉ ምንም ሳያጠፋ የትርፍ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል።

መልስ 4 | ጥሬ ገንዘብ

መልስ 1 ላይ አንድ ነገር ይታከል። ኪሳራው ሲመዘገብ ገንዘቡ ገና አልወጣም። በዚያ ምሳሌ የቀረው 700 ሚሊዮን ወጪ በሚቀጥሉት ዓመታት ነው የሚከፈለው። ስለዚህ የ2024 ነፃ የገንዘብ ፍሰት (ከሥራ የመጣ 7.0 ሲቀነስ የካፒታል ወጪ 1.7፣ 5.3 ቢሊዮን) የምሥጢራዊ ውሎቹን ክብደት ሙሉ በሙሉ አላየም። በሌላ በኩል ደግሞ 990 ሚሊዮን አስቀድሞ ለጡረታ ፈንድ ስለተከፈለ ቁጥሩ ከሚገባው በታች ነው። ሁለቱንም አስተካክለህ ነው ከ2023ቱ 6.2 ጋር ማወዳደር ያለብህ።

ለአክሲዮን የሚደርሰውን ትርፍ ብቻ አትመልከት። የተጣራው ትርፍ በ23 በመቶ ሲወርድ፣ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ከ27.55 ወደ 22.31 ዶላር ወርዶ 19 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው። ልዩነቱን ያመጣው ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ መግዛቱ ነው። በዓመቱ ለግዢና ለትርፍ ክፍፍል 6.8 ቢሊዮን አውጥቷል፤ ያ ከነፃው ገንዘብ በ1.5 ቢሊዮን ይበልጣል።

ትንበያውን በተመለከተ፣ በጃንዋሪ 2025 የተሰጠው ሽያጭ ከ73.75 እስከ 74.75 ቢሊዮን፣ ለአንድ አክሲዮን ከ27.00 እስከ 27.30 ዶላር ነበር። በማርች የአዲሱን ትውልድ ተዋጊ አውሮፕላን ውል ቦይንግ አሸነፈ። በጁላይ ደግሞ ሌላ 1.6 ቢሊዮን ኪሳራ መጣ፦ 950 ሚሊዮን ከአቪዬሽን ክፍሉ ምሥጢራዊ ፕሮግራም፣ 570 ሚሊዮን ከካናዳ የባሕር ሄሊኮፕተር፣ ቀሪው ከቱርክ ሄሊኮፕተር። የሽያጩ ትንበያ ሳይነካ ቀረ፤ የአክሲዮኑ ትርፍ ግን ወደ 21.70 – 22.00 ተቆረጠ።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ሪፖርት ስትከፍት በቀጥታ ሂድና ስለ ውል ግምት ለውጥ የሚናገረውን ማብራሪያ አንብብ። እዚያ እያንዳንዱ ችግር ያለበት ፕሮግራም እስካሁን ያደረሰው ድምር ኪሳራ ተጽፏል። ድምሩ ሁለት ሩብ ዓመት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ግምቱ እየረጋ ነው፤ አሁንም ከጨመረ በትንበያው ላይ የራስህን ቅናሽ አድርግ።