«ህዩደክ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ወጣ ወይስ አረፈ?

ሊሊ፦
አንድ የኬ-ፖፕ (የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ) ቴሌግራም ቡድን ውስጥ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦ «ህዩደክ ላይ ነኝ፤ ታልደክ ግን የለም። ኑናዎቼ ኮምባክ ሲያደርጉ ቀስቅሱኝ።» ሦስት ቦታ ተያዝኩ። የጻፈው ሰው አድናቂነቱን ተወ ማለት ነው? ዘፋኞቹ የትም ሳይሄዱ የምን መመለስ ነው? መልስ ልጽፍ ስል ደግሞ «አንተ» ልበል «አንቺ» ጠፋኝ፤ «ነኝ» እና «ቀስቅሱኝ» ጾታ አይናገሩም።

ሳድስ፦
አልተወም። የኮሪያ አድናቂዎች እንደ ተረትና ምሳሌ የሚጠቅሷት ነገር ናት፦ «ህዩደግን ኢሰዶ፣ ታልደግን ኧፕታ»። ማረፉስ አለ፣ መውጣቱ ግን የለም።

ስትበተን፦ «ህዩ» ዕረፍት ነው፤ የበዓል ቀን «ህዩኢል»፣ የዓመት ፈቃድ «ህዩጋ» ይባላል። «ታል» መላቀቅ ነው፤ «ታልቹል» ማምለጥ። «ኢፕ» ደግሞ መግባት ነው፤ ሴኡል በሁለተኛው የባቡር መስመር ላይ ያለው «ሆንግዴ ኢፕጉ» ጣቢያ የሆንግዴ መግቢያ ማለት ነው። አዲስ አድማጭ ሲጠመድ «ኢፕደክ» አደረገ ይባላል። ህዩደክ ላይ ያለ ሰው አልበም አይገዛም፣ ድምፅ አይሰጥም፣ ግን ፎቶካርዱ (የዘፋኞቹ ትንሽ ፎቶ) እና ላይትስቲኩ (ኮንሰርት ላይ የሚውለበለበው መብራት) መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እነሱን ለሽያጭ ያወጣ ቀን ነው ታልደክ የሚባለው።

ደብተራ ኦንላይን፦
ቅርንጫፉን አሳይተኸን ግንዱን ዘለልከው! «ደክ»ስ? ይኼ እኮ የግእዙ «ደቅ» ነው። ደቅ ልጅ፣ ደቂቅ ልጆች፣ ደቀ መዝሙር የመዝሙር ልጅ። ዘፋኝ ተከትሎ የሚውል ሰው ከደቀ መዝሙር ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲዘምት ጠመንጃ ብቻ ይዞ አልሄደም።

ቡና ጠጡ፦
እኔ «ደግ» ነው ባይ ነኝ። ምሳሌው ላይ «ህዩደግን» ብሏል፤ ጆሮ ያለው ይስማ። አንድ ዓይነት አልበም ለአራት ልዩ ልዩ ሽፋን ብሎ አራት ጊዜ የሚገዛ ሰው ደግ ካልተባለ ማን ይባላል?

ሳድስ፦
ሁለቱም አይሆንም። «ግ»ዋ የመጣችው አናባቢ ስለተከተላት ነው። ቃሉ ብቻውን ሲቆም «ደክ» ነው፤ ያውም መጨረሻው «ክ» ጉሮሮ ላይ ተይዞ ይቀራል እንጂ አይፈነዳም። ለዚህ ነው ጀማሪ «ደ» ብቻ ሰምቶ የሚያልፈው።

ሥሩ ጃፓን ነው። «ኦታኩ» ቃል በቃል «ቤትዎ»፣ በትሕትና ደግሞ «እርስዎ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የካርቱንና የሥዕል መጽሐፍ ወዳዶች እርስ በርስ «ኦታኩ» ሲባባሉ ተሰምቶ መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ። ኮሪያዎች «ኦደኩ» አሉት። «ኦ» ወደቀች፣ «ደኩ» ቀረ። ከሌላ ቃል ጋር ሲጣበቅ እሱም አጠረና «ደክ» ሆነ። ብቻውን ትርጉም የሌለው ቁራጭ ነው። ቃኘው በ1951፣ ቃሉ በ1980ዎቹ፤ ሻለቃውን በሰላም ተዉት።

ቡና ጠጡ፦
«ደክጂል» የሚሉትስ? የዚያን ሥር እንኳ ማንም አይስተውም። ጅል!

ሳድስ፦
«ጂል» ደጋግሞ የሚሠራ ሥራ ላይ የሚገባ ቅጥያ ነው። መስፋት «ባንጂል»፣ ስርቆት «ዶዱክጂል»። አንዳንዴ ንቀት ስላለበት አድናቂዎች በራሳቸው ለመቀለድ ወሰዱት። የአድናቂነት ውሎ በሙሉ፣ መግዛቱም ማየቱም ድምፅ መስጠቱም፣ ደክጂል ነው።

ዘጎንጅ፦
ልጆች፣ ዋናውን ነገር አልነካችሁትም። ለኮሪያ ቻይንኛ ማለት ለእኛ ግእዝ ማለት ነው። «ኢፕ»፣ «ታል»፣ «ህዩ» ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ብቻቸውን ገበያ አይወጡም፣ ሌላ ቃል ላይ ሲለጠፉ ግን አንድ ሐረግ የሚፈልገውን በአንድ ቀለም ይጨርሱታል። እኛም «ኢ-ፍትሐዊ»፣ «ኢ-መደበኛ» የምንለው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ የሊቃውንቱን ቁራጭ ለሠፈር ቃል ለመለጠፍ አላፈሩም። እንተርጉም ካላችሁ በዊአ ደቅ፣ ዕረፍተ ደቅ፣ ጸአተ ደቅ በሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦
የኔታ፣ ይቅርታ። ፀአት በፀሐዩ «ፀ» ነው፤ ከ«ወፅአ» የመጣ ነው።

ዘጎንጅ፦
ጣቴ ሳተ። ዕውቀቴ አልሳተም።

ቡና ጠጡ፦
«ዕረፍተ ደቅ» ብላችሁ ቡድኑ ውስጥ ለጥፉና እዩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልቅሶ ይደረሳል።

ዘጎንጅ፦
የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲባል ተማሪው ሞተ ያለ አለ? ግሡና ስሙ ይለያያሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ዜና ዕረፍት»ስ ግሥ ነው?

ዘጎንጅ፦
እሱ የተለመደ አነጋገር ነው፤ ሕግ አይሆንም።

ደብተራ ኦንላይን፦
ጥያቄው እኮ ስለ ተለመደ አነጋገር ነው የኔታ።

ሳድስ፦
ዕረፍት ሌላም ችግር አለበት፦ ድካም ነበረ ያስብላል። ህዩደክ ግን ድካም ላይኖረው ይችላል፤ ፈተና ደርሶ፣ ገንዘብ አጥሮ፣ ወይም ቡድኑ ለወራት ሥራ ሳያወጣ ቀርቶ ይሆናል። ለእኔ የሚቀርበው የገበሬው ቃል ነው፦ ጦም ማደር። ጦም ያደረ መሬት አልታረሰም፣ ግን አልተሸጠም፤ ባለቤቱም ያው ነው። «አድናቂነቴ ጦም አድሯል።»

ዘጎንጅ፦
ይኼስ ያስኬዳል። ግን ጦም ያደረ መሬት ለምለም ሆኖ ይነሣል፤ አድናቂው ለምልሞ ነው የሚመለሰው?

ቡና ጠጡ፦
ኪሱ ለምልሞ ነው።

ሊሊ፦
አንደኛው ገባኝ፤ ጦም ማደሩን ወድጄዋለሁ። ኮምባኩስ?

ሳድስ፦
ኮምባክ መሄድን አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሥራ ዴቢዩት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አዲስ ሥራ ሁሉ፣ በሦስት ወሩም ቢወጣ፣ ኮምባክ ይባላል። ወደ ቴሌቪዥኑ መድረክ ተመለሱ ለማለት ነው፦ ሐሙስ ኤም ካውንትዳውን፣ ዓርብ ሙዚክ ባንክ፣ ቅዳሜ ሾው ሙዚክ ኮር፣ እሑድ ኢንኪጋዮ። «ቀስቅሱኝ» ያለው ለ«ስሚንግ» እና ለ«ቾንግጎንግ» መሆን አለበት። ስሚንግ የስትሪሚንግ አጭሩ ነው። ቾንግጎንግ «አጠቃላይ ጥቃት» ከሚለው የጦር ቃል ተቆርጦ የመጣ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ዘፈን ይከፍታል ወይም ድምፅ ይሰጣል።

ያረጀ ዘፈን ድንገት ሲነሣ ግን ኮምባክ አትበይው። እሱ «የክጁሄንግ» ነው፤ መኪና በተቃራኒ መስመር ሲሮጥ የሚባለው ቃል። ብሬቭ ገርልስ የሚባሉት ዘፋኞች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ዘፈን በ2021 የዘፈን ደረጃ ሠንጠረዡ አናት ላይ የወጣው እንደዚያ ነው።

ሊሊ፦
እሺ። አንተ ልበል አንቺ?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ኑና» ብሏል፤ ወንድ ነው። ወንድ ታላቅ እኅቱን ኑና፣ ታላቅ ወንድሙን ህየንግ ይላል። ሴት እኅቷን ኧንኒ፣ ወንድሟን ኦጳ። የእኛ «ጋሼ» እና «እትዬ» የተጠሪውን ጾታ ብቻ ይናገራሉ፤ የእነሱ የጠሪውንም ያጋልጣል።

ሳድስ፦
ኧንኒን በ«ኧ» ስለ ጻፍክ ተባረክ፤ ፊደላችን ለዚያ አናባቢ ከላቲኑ ይሻላል። ግን ኦጳ? ጳጳስ ልታደርገው ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
አየር የለውማ! ስስ ወረቀት ከከንፈርህ ፊት ያዝ። «ፖሊስ» ስትል ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል፣ ኦጳ ስትል አይነቃነቅም።

ሳድስ፦
አየር የለውም፣ ግን አይፈነዳም። «ጰ» ጉሮሮ ዘግቶ የሚተኮስ ነው፤ የእነሱ ከንፈርና ጉሮሮ አጥብቆ በለስላሳው መልቀቅ ብቻ ነው። «ፓ»ን ጽፈህ አጥብቀህ አንብብ፤ ፊደላችን ማጥበቂያ ባይኖረው ጥፋቱ የኦፓ አይደለም። ጾታውም ቢሆን አያስተማምንም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 «ኦፓ»ን ሲያስገባ፣ መልከ መልካም ኮሪያዊ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ የሚለውንም ፍቺ ጨምሮ ነው። ከኮሪያ ውጭ ማን ለማን እንደሚለው ተደባልቋል። «ኑና» ያለው ሰው ሴት ልትሆን ትችላለች።

ሊሊ፦
ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?

ቡና ጠጡ፦
«እርስዎ» በይና ተገላገይ። ኦታኩም እሱው ነው ተብሏል።

ደብተራ ኦንላይን፦
«እርስዎ» ካነሣችሁ፣ ሥሩ «ርእስ» ነው፤ ራስ ማለት ነው። አሁን «ደቅ» እና «ርእስ»ን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፣ የምነግራችሁ አለ።

ዘጎንጅ፦
ቀጥል፤ በንጉሡ «ሠ» እንዳትጽፈው ብቻ።