ጣቶቼ እየደነዘዙ ሹራቡን እንዴት ልጨርስ?

ከሦስት ወር ወዲህ የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ስለሚቀሰቅሱኝ ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሐኪሙ የእጄ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ መጨመቁን ነግሮኝ ሌሊት የማስረው ድጋፍ አዞልኛል፤ ሆኖም ለልጅ ልጄ የጀመርኩት ሹራብ አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል፣ ክረምቱም ደርሷል። ወፈር ያለ መርፌ ብጠቀም ወይም እጅጌውን በኪሮሽ ብጨርሰው አንጓዬ ያርፍ ይሆን?

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። በረንዳ ላይ ስሠራ የሚወድቀውን ቁራጭ ክር ወፎች ለጎጇቸው ይወስዱታል (እኔም ሳየው ደስ ይለኝ ነበር)፤ ትናንት ግን አንዲት ጫጩት እግሯ በዚያው ክር ተተብትቦና አብጦ ከኮክ ዛፋችን ሥር አገኘኋት። መቀሱ በደነዘዘው እጄ አልታዘዝ ስላለኝ፣ እግሯን ሳልጎዳ ክሩን በምን እንደምቆርጠው የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ ይንገረኝ።