ስኪው ሲሜትሪክ ማትሪክስ፦ ዲተርሚናንቱ ሳይሰላ 0 ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነው ያለሁት፤ ሐሙስ የሊኒየር አልጀብራ ሚድ አለብኝ። የቆየ ፈተና ላይ ይሄ ማትሪክስ አለ፦

0   2   −3
−2   0   5
3   −5   0

ዲተርሚናንቱን (ከማትሪክሱ ቁጥሮች በማባዛትና በመደመር የሚወጣውን አንድ ቁጥር) አስልቼ −60 መጣልኝ። አንድ ሲኒየር ግን ወረቀቱን ገና እንዳየ «ስኪው ሲሜትሪክ ነው፣ 3 በ3 ነው፣ በቃ 0 ነው» አለኝ። ለምን ስለው «ሕግ ነዋ» ብሎኝ ሄደ። ሦስቴ ደገምኩት፣ አሁንም −60። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናብ ከመጣ መብራት ስለሚሄድብን ቶሎ በሉልኝ።

አባ ቡና፦
እህቴ፣ ዲያጎናሉ ላይ (ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ ባለው መስመር) ያለው ሁሉ 0 ነው እኮ። ስለዚህ ዲተርሚናንቱም 0።

ጠመኔ፦
አባ ቡና ይቅርታ፣ ይሄማ ልጅቷን ይጥላታል። ላይ 0 እና 3፣ ታች −3 እና 0 ያለበትን 2 በ2 አስላው፤ ዲያጎናሉ 0 ሆኖ ዲተርሚናንቱ 9 ነው።

ረድፉን ዓምድ ስናደርገው ትራንስፖዝ እንለዋለን። ተገልብጦም ያው ራሱ ከሆነ ሲሜትሪክ ነው፤ ከጅማ አጋሮ ያለው ኪሎ ሜትር ከአጋሮ ጅማ ካለው ጋር አንድ እንደሆነ ማለት ነው። ስኪው ግን የዱቤ ደብተር ነው። አንቺ ጋ 50 ብር ካለኝ በእኔ ረድፍ 50፣ በአንቺ ረድፍ −50 ይገባል። ለራሱ የሚያበድር ስለሌለ ዲያጎናሉ 0 ነው።

አሁን ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ዲተርሚናንት በትራንስፖዝ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ የስኪው ትራንስፖዝ ሦስቱም ረድፍ በ−1 የተባዛ ራሱ ማትሪክሱ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጊዜ ምልክት ይገለብጣል፣ ሦስቴ ሲገለበጥ ማይነስ ይቀራል። እንግዲህ ዲተርሚናንቱ ከራሱ ኔጌቲቭ ጋር እኩል ሆነ። እንዲህ ያለ ቁጥር 0 ብቻ ነው። 5 በ5ም 7 በ7ም ያው ነው። በጎዶሎ ብቻ ነው ግን! 4 በ4 ላይ ምልክቱ አራቴ ተገልብጦ ቦታው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

አዌቱ ማዶ፦
−60 ከየት እንደመጣ አገኘሁት። በላይኛው ረድፍ ስትዘረጊ ከ2 ፊት ማይነስ አለ፤ እሱን ዘለሻል። የ2 ማይነር፣ ማለት የ2ን ረድፍና ዓምድ ሰርዘሽ የሚቀረው 2 በ2 ዲተርሚናንት፣ −2×0 − 5×3 = −15 ነው። −2×−15 = 30። የመጨረሻው −3×10 = −30። ድምሩ 0። አንቺ የመጀመሪያውን −30 አድርገሽ ደመርሽ። ሦስቴ መድገምሽ አይገርመኝም፣ የዘለሉትን ማይነስ ሲደግሙም ይዘሉታል፤ እኔም ፍሬሽማን እያለሁ በዚሁ 4 ማርክ ሄዶብኛል።

የቆጪ ልጅ፦
ወይኔ ማይነሷ! ተባረኩ። 4 በ4 ከመጣስ የማረጋግጥበት ዘዴ አለ?

ጠመኔ፦
አለ። የ4 በ4 ስኪው ዲተርሚናንት ሁልጊዜ የአንድ ቁጥር ስኩዌር ነው። ቁጥሩ ፋፊያን ይባላል፤ በሒሳብ ሊቁ ፋፍ ስም የሰየመው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኬይሊ ነው፣ 1852 እንደ ፈረንጆቹ። ኔጌቲቭ ካገኘሽ፣ ወይም ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ኖረውበት 12 ከመጣልሽ፣ አንድ ምልክት ጠፍቷል።

የቆጪ ልጅ፦
ቀጣዩ ጥያቄ 4 በ4 ነው፣ አሁን ሠርቼው 16 መጣ። የ4 ስኩዌር! መብራቱም እስካሁን አለ።