ወረርሽኝ ሲመጣ የጡት ማጥባት ድጋፍ እንዳይቋረጥ ወረዳ ምን ቀድሞ ያዘጋጅ?

የወረዳ ዕቅድ አዘጋጅ

ሰላም ለሁላችሁም። የወረዳችንን የወረርሽኝ ዝግጁነት ዕቅድ እየከለስን ነው። ስለ አጥቢ እናቶች የተጻፈው «አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከኮቪድ ጊዜ ትምህርት ወስደን በዝርዝር ልንጽፈው አስበናል። እናት በበሽታው ብትያዝ ሕፃኑ ይለያት ወይስ አይለያት? የዱቄት ወተት በእርዳታ ቢመጣ ምን እናድርግ? ድጋፉስ ደመወዝተኛዋ ጋ ብቻ እንዳይቀር?

አዋላጅ ነርስ

መጀመሪያ በዕቅዱ ላይ «እንደ በሽታው ዓይነት» የሚል ቃል ይግባ። ለኮቪድ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እናትና ልጅ አንድ ክፍል ይቆዩ፣ ጡት ማጥባትም ይቀጥል የሚል ነው። ለኢቦላ ግን በበሽታው የተያዘች ወይም የተጠረጠረች እናት ማጥባት ታቆማለች። የአንዱን መመሪያ ለሌላው መገልበጥ አደጋ አለው።

ለኮቪድ ዓይነት የመተንፈሻ በሽታ እናት ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ስታጠባ ማስክ ታደርጋለች፣ ማስኩ ሲረጥብ ትቀይራለች። ጡት በየጊዜው መታጠብ የለበትም፤ ጡቷ ላይ ካሳለች ብቻ በሳሙናና በውኃ ትታጠበዋለች። በቀን 3 ማስክ ቢታሰብ ለ10 ቀን 30 ይሆናል። ይህ ለሕክምና ባለሙያው ከሚገዛው ተለይቶ በጀት ካልተያዘለት እናቷ ጋ አይደርስም።

ማጥባት እስኪያቅታት ከደከመች ወተቷ ይታለብ። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው ከጡቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይያዛሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፤ ያቆስላል። አንዱን ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላውን፣ እያፈራረቁ በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊቱም ተቆጥሮ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሌሊቱን ሲዘሉት ነው፤ ጡቱ ይጠጥራል፣ ወተቱም ይቀንሳል። የታለበው ለሕፃኑ በንጹሕ ስኒ ይሰጥ፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ።

የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ

በዱቄት ወተቱ ላይ፦ በነፃ የሚታደል እርዳታ አትቀበሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ በጤና ተቋማት ውስጥ በነፃ ወይም በቅናሽ እንዳይሰጥ ወስኗል። ምክንያቱን በስሌት ላሳይ። አንድ ሕፃን እስከ 6 ወር በዱቄት ወተት ብቻ ቢያድግ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ባለ 400 ግራም ጣሳ ከሆነ 50 ነው። በስጦታ የሚመጣው ሁለት ጣሳ ሳምንት ነው የሚያደርሰው። በዚያ ሳምንት ያልተጠባ ጡት ወተቱ ይቀንሳል። ስጦታው ሲያልቅ መግዛት የማትችል እናት ዱቄቱን በውኃ ማቅጠን ትጀምራለች፤ ተቅማጡና መቀጨጩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በእርግጥ እናት የሞተችበት ወይም ጭራሽ ማጥባት የማትችልለት ሕፃን ይኖራል። ለእሱ በባለሙያ ተወስኖ፣ ያለማቋረጥ እስከ መጨረሻው የሚቀርብ ይሁን። የፈላው ውኃ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጥበጥ። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ከዚያ ቀዝቀዝ አድርጎ መስጠት ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋ።

የሠራተኛ ሕግ አማካሪ

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው ዕቅዶች የሚሳሳቱት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ጡት ብቻ ማጥባት የሚመከረው ግን ሙሉ 6 ወር ነው፤ ፈቃዱ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። በወረርሽኝ ጊዜ «ከቤት ይሥሩ» ሲባል ልጇ 6 ወር ያልሞላት እናት በቅድሚያ እንድትካተት በጽሑፍ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ግን ለተቀጠረችው ነው። አዋጁ የቤት ሠራተኛዋን አይሸፍንም፤ ጉሊት የምትቸረችረዋም አሠሪ የላትም። ለእነሱ ፈቃድ ሳይሆን ገንዘብ ወይም ቀለብ ነው የሚያስፈልገው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ባለበት ወረዳ እርጉዝና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ የሚዛወሩበት አሠራር አለ። የስም ዝርዝሩ ከወረርሽኙ በፊት በየቀበሌው ተዘጋጅቶ ይቆይ። ከተጀመረ በኋላ ምዝገባ ራሱ ሰልፍና መጨናነቅ ነው።

የወረዳ ዕቅድ አዘጋጅ

እናመሰግናለን። ቤት የምትወልደዋስ?

አዋላጅ ነርስ

ጥሩ ጠየቁ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ነበሩ። ከላይ ያልነው ሁሉ ለሆስፒታል ብቻ ከተጻፈ ግማሹን አይነካም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የድኅረ ወሊድ ጉብኝት (በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንት) ለወረርሽኝ ቅኝት ተብለው ከሚቋረጡት ሥራዎች ውስጥ አይካተት። አራቱን ማድረስ ካልተቻለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቅደሙ፤ እንገሩ የሚደፋውም፣ ጡት ላይ የማስያዝ ችግር የሚታየውም ያኔ ነው። ደጅ ላይ ርቀት ጠብቃ፣ ማስክ አድርጋ ሲጠባ ትይ፤ በሦስተኛው ጉብኝት ሽንቱንም ትጠይቅ። ከ5ኛው ቀን ወዲያ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ካልሸና ወተቱ እየደረሰው አይደለም።