ያላገባች ምን አገባት?

ጎጆ፦
እሁድ ዕለት የጓደኛዬ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ከፍቅረኛዋ ጋር ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል። ሳይፈራረሙ፣ ሳይደገስ፣ ሽማግሌ ሳይላክ። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። አሁን እሱ «በቃኝ» ብሏል። ኮንዶሚኒየሙ በስሙ ነው። እሷ «የእኔ ድርሻስ?» ስትል አንደኛው ሽማግሌ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ያላገባች ምን አገባት?» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች። እኔን ያንገበገበኝ የሷ ሳቅ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የወጣው በ1992 ነው። ዛሬም ሽማግሌ በግጥም ይፈርዳል?

አለቃ፦
ሽማግሌው ምን አጠፉ? መጋባት ቢፈልጉ ማን ከለከላቸው? ማዘጋጃ ቤቱ ክፍት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ክፍት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በበሩ እያለፉ አልገቡም። ንብረት ሲመጣ ጊዜ «እንደ ሚስት» ተባለ። ያላገባ ምን አገባው? እኔም እደግመዋለሁ።

የሕግ ሰው፦
አንቀጽ 102ን ነው ያጠፉት። ወንድና ሴት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ፣ አብረው የኖሩበት ጊዜ ደግሞ ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ሠርተው ያገኙት ገቢም በገንዘባቸው ያፈሩት ንብረትም የጋራ ነው። በአንዱ ስም ስለተመዘገበ ብቻ የግሉ አይሆንም። አብረው ከመኖራቸው በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ግን የየግል ነው። ሽማግሌው ግጥሙን ይግጠሙ፣ ሕጉ ግን ቤት አይመታላቸውም።

አለቃ፦
እንግዲህ ፍቅረኛዬ ሦስት ዓመት ቤቴ ከተመላለሰች ግማሽ ቤቴ ሄደ ማለት ነዋ!

የሕግ ሰው፦
አይደለም። አንቀጽ 99ን አንብብ። አኗኗራቸው የተጋቡ ሰዎችን አኗኗር መምሰል አለበት። አብሮ መተኛት ብቻውን፣ ቢደጋገምም፣ አገር ቢያውቀውም፣ አይበቃም። ሕጉ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። በሌላ በኩል ደግሞ «ተጋብተናል» ብለው ለሰው መናገር አይጠበቅባቸውም።

ደባል፦
«መምሰል»! እኔ እዚች ቃል ላይ ነው ሆዴን የሚቆርጠኝ። ለማን ነው የሚመስለው? ከአንዲት ልጅ ጋር አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ኪራይ እኩል ነበር የምንከፍለው። ማን ምን እንደገዛ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፈን እንጽፍ ነበር፤ ስኳር እኔ፣ ዘይት እሷ። የፎቁ ሴትዮ «ሚስትህ የት ሄደች?» ሲሉኝ አፍሬ «ሥራ» እላለሁ። አሁን እኔ «መስያለሁ»? አፍሬ ዝም ያልኩት ማስረጃ ሊሆንብኝ ነው?

ጎጆ፦
ይቅርታ፣ ቤቱን ስትከራይ ምን ብለህ ነው የተከራየኸው?

ደባል፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጎጆ፦
አይ፣ ንገረና።

ደባል፦
«ባለቤቴ ናት» ብዬ። ካልሆነ አያከራዩም። ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ጎጆ፦
ለአከራይ ሚስት፣ ለፍርድ ቤት ደባል።

ሙግተኛው፦
ይሄ ተቀርጾ በር ላይ ይሰቀልልን።

ደባል፦
በስሜ አትቀልዱ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ሁለት ሰው «አንጋባም፣ የየራሳችንን እንያዝ» ብሎ ከተስማማ ሕጉ ምን ቤት ነው? ጋብቻ በፈቃድ ነው ተብሏል። ይሄኛው ግን በቀን ብዛት የሚመጣ ጋብቻ ነው። ተኝተህ ታድራለህ፣ ባል ሆነህ ትነሳለህ።

የሕግ ሰው፦
ባል አልሆንክም። ሲለያዩ ፍቺ የለም። ማንኛቸውም በፈለጉት ቀን ጥለው መሄድ ይችላሉ። የጋራ የሚሆነው አብረው ያፈሩት ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

አለቃ፦
ልክ ነዋ! ለመሄድ ነጻ፣ ለመካፈል ባለትዳር። ጥቅሙን እንደ ሚስት፣ ግዴታውን እንደ ፍቅረኛ። ይሄማ ያገባነውን መስደብ ነው። እኔ ዘጠኝ ሽማግሌ ልኬ፣ ቃል ገብቼ፣ ደግሼ፣ ተበድሬ ነው ያገባሁት።

ሙግተኛው፦
የድግሱን ዕዳ ከፍለህ ጨረስክ?

አለቃ፦
አያገባህም።

ሙግተኛው፦
ኦ፣ ይቅርታ፤ ለካ ያላገባ አያገባውም።

ዝምተኛዋ፦
ሰላም። ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ግዴታ የለበትም ለተባለው፦ ዕዳውም አለ እኮ። ለጋራ ኑሯቸውና ለልጆቻቸው የተበደሩትን ሁለቱም ናቸው የሚጠየቁት። እኔ ያልፈረምኩበትን ብድር ሁለት ዓመት ከፍያለሁ። ያን ጊዜ «ያላገባሽ ምን አገባሽ» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። አበዳሪውም፣ እናቱም፣ ሽማግሌዎቹም «ባለቤቱ አይደለሽ እንዴ?» ነበር ያሉኝ።

ጎጆ፦
ይሄን ነው የምለው! ዕዳ ሲመጣ ባለቤት፣ ቤት ሲመጣ እንግዳ።

አለቃ፦
ለእህታችን አዝናለሁ። ግን የአንድ ሰው በደል ሕግ አይሆንም።

ስቶክሆልም፦
እዚህ ስዊድን ሳምቡ ይባላል፤ አብረው ለሚኖሩ የወጣ የራሱ ሕግ አለው። የሚካፈሉት አብረው ሊኖሩበት የገዙትን ቤትና የቤት ዕቃ ብቻ ነው። የባንክ ገንዘብ፣ መኪና፣ አክሲዮን አይነካም። ካልፈለጉ ደግሞ በጽሑፍ ተዋውለው ይወጣሉ። ጥርት ያለ ነው። የኛው ሕግ ግን ደሞዝ ሳይቀር ጠቅልሎ የጋራ ይላል። ትንሽ አልበዛም?

ሙግተኛው፦
መጣ! ስቶክሆልም ሳይጠራ አይቀርም።

ስቶክሆልም፦
ስድብ መልስ አይሆንም። እንግሊዝ ደግሞ ሃያ ዓመት ብትኖር ዓመቱ ብቻውን ምንም አይሰጥህም። ሰዉ «ይሰጣል» ብሎ ያምናል፣ ግን የለም። ካልተጋቡ እንደ ባልና ሚስት ንብረት የሚያካፍል ሕግ የላቸውም። ሰነዱ በማን ስም ነው? ማን ምን ያህል አዋጣ? በዚህ ነው የሚሟገቱት። አውስትራሊያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ልጅ ካለ ባይሞላም ይታያል። ኒው ዚላንድ እንደኛው ሦስት ነው። ስለዚህ «ከየት የመጣ ሕግ ነው» የምትሉ ከሰማይ አልወረደም።

አለቃ፦
የእንግሊዙ ነው እንግዲህ ሕግ ማለት። ሰነዱ በማን ስም ነው? አለቀ።

ጎጆ፦
አላለቀም! ሰነድ አልክ፣ እሺ። የጓደኛዬን ልንገርህ። የቤቱን የባንክ ክፍያ እሱ ይከፍላል። የተቀረውን በሙሉ እሷ። የወር አስቤዛ፣ የልጅ ወተት፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ መብራት። የሱ ደረሰኝ በፕላስቲክ ተጠርዞ ፋይል ውስጥ አለ። እሁድ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ድምፅ አሰማ፣ ያን ያህል ወፍራም ነው። የሷ የት አለ? የሽንኩርት ደረሰኝ አለ እንዴ?

አለቃ፦
ታዲያ ሽንኩርቱን አብራው አልበላችም?

ጎጆ፦
እሱስ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር የሚያድረው? ሽንኩርቱን እሱ ቢገዛ ኖሮ ቤቱን በምኑ ይከፍል ነበር?

ሙግተኛው፦
ከዛሬ ጀምሮ ጉልት ሄጄ ደረሰኝ ካልተሰጠኝ አልገዛም። የተ.እ.ታ. ቁጥርም እጠይቃለሁ።

ዝምተኛዋ፦
ትቀልዳለህ እንጂ እኔ ማስታወሻ እይዝ ነበር። የአምስት ዓመት። ስንለያይ «ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ከመጀመሪያውም ልትለይ ነበር» ተባልኩ። ብትጽፊ ተንኮለኛ፣ ባትጽፊ ሞኝ።

የሕግ ሰው፦
ደረሰኙ ላይ አትጣሉ። ሕጉ ገቢውንም የጋራ ካለ፣ የባንኩ ክፍያ የወጣበት ደሞዝ ራሱ የጋራ ነው። ማን ሽንኩርት ገዛ፣ ማን ቤት ከፈለ የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ይወድቃል። ከባዱ ደረሰኝ አይደለም። ከባዱ «አብረን አልኖርንም፣ እንግዳ ነበረች» ሲል ነው። ያኔ ሦስቱን ዓመት በምስክር ታስረዳለች።

ደባል፦
ቤቱን የተመዘገበው መቼ ነው? ከሷ በፊት ከሆነ የግሉ ነው።

ጎጆ፦
የተመዘገበው ከሷ በፊት ነው። ዕጣው የወጣው፣ ውሉም የተፈረመው አብረው በኖሩ በሦስተኛው ዓመት ነው።

ደባል፦
በቃ፣ የግሉ ነው።

የሕግ ሰው፦
እኔ ብሟገትላት እንዲህ ነው የምለው፦ መመዝገብ ወረፋ መያዝ ነው። ወረፋ የያዘ ሰው ዳቦ ገዛ አይባልም። የገዛው የፈረመና የከፈለ ቀን ነው። የሱ ጠበቃ ደግሞ ሌላ ይላል፣ ይበል።

አለቃ፦
እኔን የሚገርመኝ ሦስት ዓመት የሚሏት ነገር ናት። ሁለት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር የኖረችስ? ባዶ እጇን? ፍትሕ በካላንደር ነው እንዴ?

ሙግተኛው፦
እንዴ፣ አለቃ ለሴቶች ተቆረቆረ!

አለቃ፦
ሕጉ ራሱ አያስኬድም እያልኩ ነው።

ሙግተኛው፦
ጳጉሜንስ ትቆጠራለች? አንድ ጓደኛዬ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተጣላ። «በአጋጣሚ ነው» ብሏል።

ጎጆ፦
ይሄ አያስቅም።

ሙግተኛው፦
እኔስ መች አሳቀኝ? ካላንደር ላይ አክብቦ ያየሁት እኔ ነኝ።

ሰባተኛው በር፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አንድ ነገር ልበል። የምትደባልቁት ነገር አለ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ መርቆ፣ በባህሉ መሠረት የተሰጠች ልጅ «ያላገባች» አይደለችም። ማዘጋጃ ቤት ባትፈርምም አግብታለች። ሕጉ የባህሉንም የሃይማኖቱንም ጋብቻ ይቀበላል። ወረቀት የሌለው ሁሉ ያላገባ አይደለም።

የሕግ ሰው፦
ትክክል፣ ጋሼ። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። እኔ የምጠቅሰው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን ነው።

አለቃ፦
ጋሼ፣ የርስዎ ዘመን ሕግ ታዲያ ምን ይል ነበር?

ሰባተኛው በር፦
የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን ያውቀው ነበር። ንብረት ግን የጋራ አያደርግም። እኔ ስንቷን በአንድ ሻንጣ ስትወጣ አይቻለሁ። ሻንጣውን ተሸክሜ ታክሲ ያስያዝኩም አለሁ።

አለቃ፦
እሺ፣ ሰውየው ቢሞትስ? ልትወርሰው ነው?

የሕግ ሰው፦
ካልተናዘዘላት አትወርስም። የጋራውን ግማሽ ግን በራሷ መብት ትወስዳለች። ለነገሩ ሚስትህም ኑዛዜ ከሌለ ወራሽህ አይደለችም። መጀመሪያ የሚወርሱህ ልጆችህ ናቸው።

አለቃ፦
ምን? የእኔ ሚስት?

የሕግ ሰው፦
የሁላችንም። ከጋራው ግማሹን ወስዳ፣ ያንተን ድርሻ ልጆችህ ይወርሳሉ።

አለቃ፦
ዘጠኝ ሽማግሌ ልኬ?

ሙግተኛው፦
አሥር መላክ ነበረብህ።

ስቶክሆልም፦
ልጅቷስ? ስለ ልጅቷ ማንም አላነሳም።

የሕግ ሰው፦
ልጅቷ ላይ ክርክር የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። አባቷ ቀለቧን ይቆርጣል። ቤቱ የማንም ይሁን።

ደባል፦
ወደ እኔ ጉዳይ እንመለስ። ስኳርና ዘይት ለይተን የጻፍነው ወረቀት «አልመሰልንም» ለማለት ይጠቅማል?

ጎጆ፦
ወረቀቱ አለህ?

ደባል፦
እሷ ጋ ነው።

ሙግተኛው፦
ወይ ጉድ።

ሰባተኛው በር፦
ጎጆ፣ ጓደኛሽ እድር አላቸው? እኔ የእድር ጸሐፊ ነበርኩ። መዝገቡ ላይ አባወራው ይጻፋል፣ ከሥሩ ባለቤቱ፣ ከዚያ ልጆች። ሀዘን ሲደርስ ለማን እንደሚከፈል ለማወቅ ነው። ያን ያስጻፈው ሰውየው ራሱ ከሆነ፣ በገዛ አፉ «ባለቤቴ» ብሏል ማለት ነው። በዚህ የተረታ አውቃለሁ።

ጎጆ፦
አላቸው! እናቷ የሞቱ ጊዜ እድሩ ድንኳን ተክሎላታል። ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።

አለቃ፦
እድር ደግሞ ማስረጃ ሆነ። ነገ የዕቁብ ዳኛ ያፋታናል።

ጎጆ፦
ተመልሻለሁ። ጸሐፊው ቤት ሄድን። መዝገቡ ጠርዙ አልቋል፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው። ስሟ አለ። በሱ ስም ሥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ባለቤት» ይላል። የልጅቷም ከሥሩ አለ፣ በሌላ ቀለም።

ዝምተኛዋ፦
እሰይ!

የሕግ ሰው፦
ቀኑስ? ከመቼ ጀምሮ ነው የተጻፈችው?

ጎጆ፦
የገባችበት ቀን የሚሞላበት ዓምድ ባዶ ነው።

አለቃ፦
እንዳልኩት…

ጎጆ፦
አለቃ፣ አሁን እንዳትጀምር።