ሲስፕላቲን ዕጢው ውስጥ ስንወጋ ወደ ብሮንከሱ ተመልሶ ይፈሳል

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ብሮንኮስኮፒ (የአየር ቧንቧን በቀጭን ካሜራ ያለው ቱቦ ማየት) ለምትሠሩ። የቀኙን ዋና ብሮንከስ (ወደ ሳንባ የሚገባውን የአየር ቧንቧ) ያጠበበ የሳንባ ዕጢ ላይ፣ ብሮንኮስኮፑ ጫፍ ባለው አልትራሳውንድ እየተመራን ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት እንወጋለን። ዕቅዱ 40 ሚሊግራም በ40 ሚሊሊትር፣ በሳምንት አንዴ፣ 4 ጊዜ ነው። መርፌው 22 ጌጅ።

በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳየው አልትራሳውንድ) የደም ሥር አለመኖሩን እናያለን፤ ስታይሌቱን (መርፌው ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ) አውጥተን መርፌውን ቀድመን በመድኃኒቱ እንሞላለን፤ አለዚያ የቀረው አየር ምስሉን ያበላሸዋል። የመጀመሪያው 2 ሚሊሊትር ያለ ችግር ይገባል፤ ስክሪኑ ላይም ነጭ ሆኖ ሲሰራጭ ይታያል። ከዚያ ሲሪንጁ ይጠጥርና መድኃኒቱ በመርፌው ዙሪያ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል፤ ታካሚው ሳል በሳል ይሆናል። በ10 ፋንታ የ3 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ስንጠቀም ግፊቱ ጨመረ፣ መፍሰሱም ባሰ።

በአንድ ቦታ ስንት ሚሊሊትር ላይ ታቆማላችሁ? በዚያው ቀዳዳ መርፌውን አቅጣጫ ማስቀየር ይበቃል ወይስ አዲስ መውጋት ይሻላል? ከመንቀላችሁ በፊትስ ስንት ሰከንድ ትጠብቃላችሁ? ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ዕጢው ከመርፌው በኋላ አብጦ የቀረችውን ቀጭን ክፍተት እንዳይዘጋት ነው። ስቴንት (ቧንቧውን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ቱቦ) አስቀድማችሁ ታስገባላችሁ?